ያልተነገረ ፍቅርና ያልተለቀሰ ሐዘን

በሰው ልብ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በአንደበት የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ትርጓሜ የሚባል ሥራ ባላስፈለገም ነበር። ነገር ግን በብዙ ቤት እንደሚታየው፤ አባት ልጁን እየወደደ ሳይነግረው ያረጃል፤ ልጅም አባቱን እየናፈቀ በፊቱ ዝም ብሎ ይቆማል። በመካከላቸው ሞት በገባ ጊዜ፤ በሕይወት የቀረው ሰው ያን ያልተነገረውን ነገር የሚያኖርበት ስፍራ ያጣል። ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን ልናወሳ ያሰብነው ይህንኑ ነው። ምሳሌውንም የወሰድነው በአሜሪካ አገር በቴሌቪዥን ታይቶ የብዙ ሰው ወዳጅ ለመሆን ከበቃ፤ በደራሲ አሳብ ከተፈጠረ ከአንድ ሰው ነው፤ ስሙም ስፖክ ይባላል።

«በአሳብ የተፈጠረ ሰው ምን ፍቅር፤ ምንስ ሐዘን አለውና ነው?» የሚሉን አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። እውነታቸውን ነው፤ ስፖክ በሥጋ አልተወለደም፤ በሥጋም አልሞተም። ስለ እርሱ ያለቀሱት ሰዎች ግን ቤትና ትዳር፤ እናትና አባት ያላቸው እውነተኛ ሰዎች ናቸው። እነዚህም ሰዎች እንባቸውን አብሰው ዝም አላሉም፤ ብዕር አንሥተው ታሪኩን ደራሲው ካቆመበት ስፍራ ቀጠሉት እንጂ። ይህ ዓይነቱ ጽሕፈት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ፋን ፊክሽን ይባላል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ የወዳጆች ድርሰት እንለዋለን።

ታሪኩን ለማያውቁት አስቀድመን ባጭሩ እናስረዳ፤ ዓመታቱንም ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው። ጂን ሮደንቤሪ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ፤ ስታር ትሬክ የተባለውን፤ ትርጓሜውም የከዋክብት ጉዞ የሆነውን ተከታታይ ትርኢት አዘጋጀ። ይህም ኤን ቢ ሲ በሚባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ከ1966 ሴፕቴምበር 8 ቀን ጀምሮ እስከ 1969 ጁን 3 ቀን ድረስ በ79 ክፍል ታየ። ታሪኩ ኤንተርፕራይዝ በምትባል መርከብ በከዋክብት መካከል ስለሚጓዙ ሰዎች ነው። የመርከቢቱ አዛዥ ካፒቴን ኪርክ ሲሆን፤ ስፖክ የእርሱ ምክትልና የሳይንሱ ሥራ ሹም ነው። ስፖክን ሆኖ የተጫወተውም በ1931 በቦስቶን ከተማ የተወለደው ሌናርድ ኒሞይ ነበረ።

የስፖክ እናት አማንዳ የምድር ሴት ናት፤ አባቱ ሳሬክ ግን ቫልካን የሚባለው የሌላ ዓለም ታላቅ አምባሳደር ነው። የቫልካን ሰዎች በጥንት ዘመን በቍጣቸው ብዛት እርስ በርሳቸው ተላልቀው ሊጠፉ ደርሰው ስለ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ስሜታቸውን ሁሉ በልጓም ይዘው በአእምሮ ሕግ ብቻ ለመኖር ወሰኑ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማስታወቅ ይገባናል። የቫልካን ሰው ስሜት የሌለው ፍጥረት አይደለም፤ ስሜቱ እጅግ የበረታ ነው፤ ነገር ግን በሰው ፊት መግለጡ በእነርሱ ዘንድ ነውር ነው። እንግዲህ ስፖክ የእናቱን ልብና የአባቱን ሕግ ባንድ ገላ ተሸክሞ ያደገ ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለማወቅ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ጨዋ ሰው ሐዘኑን በሆዱ ይዞ እንግዳውን በደስታ እንዲቀበል፤ ወንድ ልጅም በሰው ፊት እንዳያለቅስ እየተመከረ ያደገ ሁሉ፤ ስፖክን ባየው ጊዜ ዘመዱን ያየ ይመስለዋል።

ትርኢቱ በተጀመረበት ወር፤ በ1966 ሴፕቴምበር 29 ቀን በታየው ክፍል፤ ሰው ራሱን እንዳይገዛ የሚያደርግ አንድ ደዌ በመርከቢቱ ውስጥ ገባ። አንዱ ሲዘፍን፤ ሌላው ሰይፍ መዝዞ ሲሮጥ፤ ስፖክ ለብቻው ወደ አንድ ክፍል ገብቶ አለቀሰ። ያለቀሰበትም ምክንያት፤ እናቱን እንደሚወዳት አንድ ቀን እንኳ ሊነግራት አለመቻሉ ነበረ።

በ1967 ኖቬምበር 17 ቀን የታየው ክፍል ደግሞ ይህንኑ ቍስል ከነሥሩ ገለጠው። የዚህ ክፍል ደራሲ ወይዘሮ ዶሮቲ ፎንታና ናቸው፤ በዚያ ዘመን ለሴት ደራሲ በሩ ጠባብ ስለ ነበረ፤ በድርሰታቸው ላይ የስማቸውን መነሻ ፊደል ብቻ ይጽፉ ነበር። በዚህ ክፍል አምባሳደር ሳሬክና ሚስቱ አማንዳ ወደ አንድ ጉባኤ ሲሄዱ በኤንተርፕራይዝ ይሳፈራሉ። አባትና ልጅ በዚያ ሲገናኙ፤ እንደ አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ 18 ዓመት ሆኗቸዋል። ሳሬክ ልጁ በቫልካን የሳይንስ አካዳሚ እንዲገባ ፈልጎ ሳለ፤ ስፖክ የከዋክብቱን የመርከብ አገልግሎት በመምረጡ ተቀያይመው ነበርና።

በጉዞው መካከል ሳሬክ በልብ ሕመም ወደቀ። ኦፕራሲዮን ካልተደረገለት ይሞታል፤ ለኦፕራሲዮኑም ደሙን ሊሰጠው የሚችለው ልጁ ነው። ስፖክም ፈቃደኛ ሆነ። ነገር ግን ካፒቴን ኪርክ በሰላይ ጩቤ ተወግቶ ስለ ተኛ፤ የመርከቢቱ አዛዥነት በስፖክ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ማንነቱ ያልታወቀ መርከብም ይከተላቸው ነበር። በዚህ ጊዜ ስፖክ ሹመቱን ትቶ ወደ አባቱ አልጋ አልሄድም አለ። እናቱ ወደ ክፍሉ ገብታ አባቱን እንዲያድን ለመነችው፤ እርሱ ግን ግዴታውን በረጋ ድምፅ አስረዳት። እርስዋም በጥፊ መትታው ወጣች። በሩ በኋላዋ ከተዘጋ በኋላ ስፖክ ቀረብ ብሎ መዳፉን በተዘጋው በር ላይ አኖረ። ምንም ቃል አልተናገረም።

በመጨረሻም ኪርክ የቍስሉን ጽናት ደብቆ የዳነ በመምሰል አዛዥነቱን ተረከበና ስፖክን ወደ አባቱ ላከው፤ ሁሉም ተረፉ። አማንዳ ባሏን ልጁን እንዲያመሰግነው ብትጠይቀው፤ በአእምሮ ለተገባ ሥራ ምስጋና አይሰጥም አላት። እርስዋ በዚህ ተቈጥታ ስትናገር፤ ስፖክ አባቱን ስለ ምን እንዳገባት ጠየቀው። ሳሬክም በዚያን ጊዜ በአእምሮ ሲታይ ተገቢ ነገር መስሎት እንደ ነበረ መለሰለት። ይህን መልስ አንባቢዎቻችን እንዲያስቡልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

እንግዲህ በተዘጋ በር ላይ ያረፈ መዳፍ ምን ማለት ነው? የወዳጆች ድርሰት ሥራ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው። የአገራችን ሊቃውንት መጽሐፍ ሲተረጕሙ አንዱን ቃል ይዘው አንድ ምሥጢር ያወጡለታል፤ ከዚያም «አንድም» ብለው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይጨምራሉ፤ ንባቡን ግን አይለውጡትም። የቴሌቪዥንን ትርኢት ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ የአተረጓጐሙን መንገድ ለማስረዳት ብቻ ነው። አንዱ ጸሓፊ፤ ስፖክ መዳፉን ያኖረው እናቱን ተመለሽ ሊላት ፈልጎ ነው ሊል ይችላል። አንድም፤ ተከትሏት እንዳይወጣ ራሱን በበሩ ላይ አስሮ መያዙ ነው። አንድም፤ በሕይወቱ ሙሉ ያልዳሰሰውን የእናቱን ፊት በእንጨትና በብረት ፈንታ መዳሰሱ ነው። ሦስቱም ትርጓሜ በንባቡ ላይ የቆመ ነው፤ አንዱም ሌላውን አያፈርሰውም።

እነዚህን ትርጓሜዎች ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሱ መጽሔቶች ወዲያው መውጣት ጀመሩ። ስለ ስታር ትሬክ ብቻ የሚጽፈው የመጀመሪያው የወዳጆች መጽሔት ስፖካናሊያ ይባላል፤ በ1967 በኒውዮርክ ሁለት ሴቶች አዘጋጁት። ስሙ ራሱ የማን ወዳጆች እንደ ሆኑ ይናገራል። ከእርሱ በኋላ የመጡትም እየበዙ ሄዱ፤ በጽሕፈት መኪና እየተጻፉ፤ በማባዣ እየተባዙ፤ በፖስታ ይላኩ ነበር። የስፖክና የመርከቢቱ ባለመብት የፊልሙ ድርጅት ስለ ሆነ፤ የሚቀበሉት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የወረቀቱንና የፖስታውን ወጪ ከመሸፈን አያልፍም ነበር። ጸሓፊዎቹና አዘጋጆቹም አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ይህ ሁሉ ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት ተዛውሯል፤ ከ2009 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ድርሰቶች የሚያኖር ታላቅ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍትም በ2019 ሁጎ የሚባለውን የታወቀ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል።

ከጸሓፊዎቹ አንዷን በስም እናንሣ። ወይዘሮ ጂን ሎራ በኬንታኪ ግዛት በመሪ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበሩ። በ1967ቱ ክፍል ሳሬክና አማንዳ በሰው ፊት ሁለት ሁለት ጣታቸውን ዘርግተው ያነካካሉ፤ በቫልካን ሥርዓት ለባልና ሚስት በአደባባይ የተፈቀደው ፍቅር ይኸው ነው። ወይዘሮ ሎራ በ1976 «የመንታ ጨረቃዎች ሌሊት» ብለው ያወጡት ድርሰት የእነዚህን ባልና ሚስት ትዳር ይተርካል። ሳሬክ በአእምሮ ተገቢ ስለ መሰለኝ አገባኋት ያለውን መልስ እንዳለ ትተው፤ ከመልሱ በስተኋላ ያለውን ፍቅር ጻፉ።

ነገር ግን የሚጻፈው ሁሉ መልካም ትርጓሜ አይደለም። ይህንንም አስቀድመው የነቀፉት ራሳቸው ወዳጆቹ ናቸው። በ1973 ፓውላ ስሚዝ የተባለች ጸሓፊ ሜሪ ሱ ስለምትባል ልጅ አጭር የፌዝ ድርሰት አወጣች። ሜሪ ሱ ገና በ15 ዓመት ተኩል ዕድሜዋ የመርከብ መኰንን ናት፤ የሁሉንም ችግር እርስዋ ትፈታለች፤ ስትሞትም አዛዦቹ ሁሉ ዙሪያዋን ከበው ያለቅሳሉ። ፌዙ እውነት ስለ ነበረ ስሙ እስከ ዛሬ መተረቻ ሆኖ ቀርቷል። በእንዲህ ያለው ድርሰት ውስጥ ስፖክ ይጠፋል፤ የሚቀረው የጸሓፊው ምኞት ብቻ ነው። ስፖክን በየገጹ የሚያስለቅስ ሰው ሐዘኑን አልተረጐመም፤ ንባቡን ፋቀው እንጂ። መልካሙ ጸሓፊ ስፖክን ዝም እንዳለ ይተወዋል፤ ዝምታው የሚሸከመውን ግን ያሳየናል። ይህን ለማድረግ ደግሞ የማይናገረውን ሰው ረጅም ጊዜ በትዕግሥት መመልከት ያስፈልጋል።

በ1982 በወጣው በሁለተኛው ፊልም ስፖክ ሞተ። መርከቢቱ ልትጠፋ በተቃረበች ጊዜ፤ የሚገድል ጨረር ወደ ሞላበት ክፍል ገብቶ ሞተሯን አስተካከለና የወዳጆቹን ነፍስ በነፍሱ አዳነ። ካፒቴን ኪርክ ሮጦ ቢመጣ በመካከላቸው ወፍራም መስተዋት ነበረ። ሁለቱ ወዳጆች መዳፋቸውን በመስተዋቱ በዚህና በዚያ አንጻር አድርገው ተለያዩ። ያን በ1967 በበር ላይ ያረፈውን መዳፍ ያስታወሰ ተመልካች፤ በዚያ ጊዜ ምን እንደ ተሰማው ለመገመት አይቸግርም።

የቀብሩ ሥርዓት በመርከቢቱ ላይ ተፈጸመ፤ እናትና አባቱ ግን በዚያ ፊልም አልታዩም። የአገራችን ሰው ይህን ፊልም ቢመለከት አስቀድሞ የሚጠይቀው፤ «መርዶውን ለእናቲቱ ማን ነገራት? በምን ሰዓትስ ወደ ቤቷ ሄዱ? ማንስ አብሯት አደረ?» ብሎ ነው። በ1984 በወጣው በሦስተኛው ፊልም ሳሬክ ራሱ ወደ ኪርክ ቤት መጥቶ የልጁን ነገር ይጠይቃል፤ እናቲቱ ግን በዚያም የለችም። የአማንዳ ሐዘን ሳይታይ፤ ሳይለቀስ ቀረ።

የወዳጆችን ብዕር የሚጠራው እንዲህ ያለው ባዶ ስፍራ ነው። በእኛ አገር ልቅሶ ላይ ሙሾ አውራጅ ትቆማለች። ሟቹ ዘመዷ ባይሆን እንኳ፤ ሐዘንተኛው ሊናገረው ያልቻለውን በግጥም ታወጣለታለች፤ እርሱም በሌላ ሰው ቃል የራሱን እንባ ያገኛል። በዙሪያው የተቀመጡትም በዚያው ሙሾ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሟች ያለቅሱበታል። የወዳጆችም ድርሰት እንደዚሁ ነው። ወይዘሮ ካሚል ቤከን ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪ ከነዚህ ሴቶች ጋር ብዙ ዘመን ከቈዩ በኋላ በ1992 መጽሐፍ አወጡ። አንዱ ሲቈስል ሌላው የሚያጽናናበት ታሪክ በጸሓፊዎቹ ዘንድ ትልቅ ስፍራ እንዳለው ገልጠው፤ ከዚህም ጽሕፈት በስተኋላ የጸሓፊዎቹ የራሳቸው ሕይወት ሕመም እንደሚገኝ አስረዱ። እኛም ይህን ስናነብ አልተደነቅንም። በገዛ ቤቱ ማልቀስ ያልተፈቀደለት ሰው በሰው ልቅሶ ላይ ብዙ ሲያለቅስ አይተናልና።

ከዚህ ወዲያ የሆነው ነገር ግን እጅግ ያስገርማል። ወዳጆቹ በትርጓሜ ያወጡትን ነገር፤ ፊልሙና ቴሌቪዥኑ ቀስ በቀስ በግልጽ መናገር ጀመሩ። ስፖክ በሦስተኛው ፊልም ወደ ሕይወት ተመለሰ። በ1986 በወጣው በአራተኛው ፊልም ሳሬክ፤ በልጁ ምርጫ ላይ የፈረደው ፍርድ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ነገረው፤ ስፖክም ደኅና እንደሚሰማው ለእናቱ እንዲነግርለት አባቱን ላከው። በ1990 በታየው ክፍል ሳሬክ አርጅቶ፤ ልጓሙን የሚያስጥል በሽታ ይዞት ታየ። ያን ጊዜ የሌላ መርከብ አዛዥ የሆነው ካፒቴን ፒካርድ፤ በቫልካን ጥበብ አእምሮውን ከሳሬክ አእምሮ ጋር አገናኝቶ ስሜቱን ተሸከመለት። አምባሳደሩ ለሚስቱና ለልጁ ሳይገልጠው የቀረው ፍቅር ሁሉ በባዕድ ሰው እንባ ወጣ። በ1991ም ሳሬክ ሞተ። አባትና ልጅ በዚያ ጥበብ አንድም ቀን ልባቸውን አገናኝተው ስለማያውቁ፤ ፒካርድ በእርሱ ዘንድ የቀረውን የአባቱን አሳብ ለስፖክ አካፈለው። ልጁ የአባቱን ልብ ያገኘው አባቱ ከሞተ በኋላ፤ ያውም በሦስተኛ ሰው በኩል ነው።

በ2009 ደግሞ ታሪኩ በሌላ መንገድ እንደ አዲስ በተተረከበት ፊልም፤ አማንዳ ልጅዋ እጁን እንደ ዘረጋ ሳይደርስባት ትሞታለች። ከሞተችም በኋላ ሳሬክ ልጁን ጠርቶ፤ ያገባት ስለ ወደዳት መሆኑን ነገረው። ከ1967ቱ መልስ እስከዚህ መልስ 42 ዓመት ነው። ወይዘሮ ጂን ሎራ የዚህን ትዳር ፍቅር ከጻፉ ደግሞ 33 ዓመት አልፎ ነበር። ስለዚህ የወዳጆችን ድርሰት የሥራ ፈት ሰው ቅዠት ነው ብለው የሚያቃልሉት ሰዎች ፍርዳቸውን ደግመው ቢመረምሩት መልካም ነው። ወዳጆቹ ቃሉን አልፈጠሩትም፤ ቀድመው ሰሙት እንጂ።

ሌናርድ ኒሞይ በ2015 ፌብሩዋሪ 27 ቀን ዐረፈ። ስፖክ ጣቶቹን ለሁለት ከፍሎ እጁን እያነሣ ሰላምታ የሚሰጥበትን ምልክት ያገኘው፤ በልጅነቱ በቦስቶን ምኩራብ የአይሁድ ካህናት ሕዝቡን ሲባርኩ አይቶ ነው። በሞተም ማግስት ቴሪ ቨርትስ የተባለ አሜሪካዊ የጠፈር ተመራማሪ፤ ምድርን በሚዞረው ጣቢያ ውስጥ ሆኖ፤ እጁን በዚያው ምልክት በመስኮቱ ፊት ዘርግቶ፤ ምድር ከበታቹ እየታየች ፎቶግራፍ አንሥቶ አወጣ። ከፎቶግራፉ ጋር ረጅም ንግግር አላስፈለገም፤ ያየው ሁሉ ልቅሶ መሆኑን አወቀ።

አሁን ወደ የቤታችን እንመለስ። በየቤታችን ስፖክ አለ። ልጁ ሲታመም ሌሊቱን ሙሉ በደጅ እየተመላለሰ፤ ጧት «እንዴት አደረ?» ብሎ አንድ ቃል ብቻ ጠይቆ ወደ ሥራው የሚሄድ አባት አለ። ለእናቱ ከሩቅ አውራጃ በየወሩ ገንዘብ እየላከ፤ ናፍቆቱን ግን አንድ መስመር የማይጽፍ ልጅም አለ። ከእነዚህ ጋር ለምንኖር ሰዎች የወዳጆች ድርሰት የሚያስተምረን፤ ዝምታን ሁሉ ጭካኔ ነው ብለን ፈጥነን እንዳንፈርድ ነው። አማንዳ በጥፊ መትታ ወጣች፤ በሩ ባይዘጋ ኖሮ መዳፉን ታየው ነበር።

ዝም ለሚሉት ደግሞ የምንለው ሌላ ነው። አስተዋይ ወዳጅ ዝምታችሁን ይተረጕምላችኋል ብላችሁ አትታመኑ። ሳሬክ እወዳት ነበር ያለው ለልጁ ነው፤ ይህን ለመስማት ከሁሉ ይልቅ ይገባት የነበረችው ሴት ግን በዚያን ጊዜ አልነበረችም። ትርጓሜ የሚያስፈልገው ባለቤቱ ሊጠየቅ ለማይችል ነገር ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ግን ራሱ ሊናገር ይችላል። ቃሉ በአፉ የማይወጣለት ሰው ቢኖር ወረቀትና ብዕር አለለት፤ ደብዳቤውም አጭር ቢሆን አይነቀፍም። 18 ዓመት ተኳርፎ የቈየ አባትና ልጅ በዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች መካከል ቢገኝ፤ 19ኛው ሳይጀመር ዛሬ ማታ እንዲጻፍ እንለምናለን።